ውኃውን ማን ይዝጋው

ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው ጋሽ መፍቻ እያለ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከሚስቱና ከመታወቂያ ጸሐፊው በቀር የሚያስታውስ ሰው ያለ አይመስልም። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ቧንቧ ሲጠግን የኖረ ነው። ትንሿን መፍቻ ኪሱ ሳይከት ሠርግ እንኳ አይሄድም ይሉታል፤ ይህ ደግሞ ሐሜት አይደለም። የገዛ እህቱ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ፎቶ ሲነሡ እሱ ጠፍቶ ሲፈለግ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ከአዳራሹ መታጠቢያ ቤት ሲወጣ ነው የተገኘው። ጠብ ጠብ ሲል እየሰማሁ እንዴት ብዬ ልቀመጥ አለ አሉ።

በሙያው የሚያማው አልነበረም። ጆሮውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ውኃው የት ጋ እንደሚያፈስ የሚነግርህ ሰው ነበር። ሰው የወደደው ግን ለሙያው ብቻ አይደለም፤ አንድ ጠባይ ነበረው። ሰው ቤት ሲገባ ከቤተሰቡ አንዱን አጠገቡ ሳያቆም ሥራ አይጀምርም። መጀመሪያ የሚጠይቀው ውኃው የሚዘጋው የት እንደሆነ ነው። የቤቱ እመቤት አላውቅም ካለች መፍቻውን አስቀምጦ እሷን ይዞ ቤቱን ይዞራል። ሲያገኙት ዝጊው ይላታል፤ ትዘጋዋለች። ክፈቺው ይላታል፤ ትከፍተዋለች። አሁንም ዝጊው። ልጆች ካሉማ ተዉት! መፍቻውን ያስይዛቸዋል፣ ያረጀውን ጎማ በራሳቸው ጣት ፈልቅቀው እንዲያወጡ ያደርጋል። ሲሰብሩም አይቆጣም። ሳይሰብር የተማረ የለም፣ እኔ የሰበርኩትን ብትቆጥሩት ይህ ከተማ እስካሁን በጥም ባለቀ ነበር እያለ ይስቃል።

የሙያ ባልደረቦቹ ይህን ጠባዩን አይወዱለትም ነበር። ሰውን ሁሉ አስተምረህ ስታበቃ ማን ሊጠራህ ነው፣ ጉሮሮህን በገዛ እጅህ እየዘጋህ ነው ይሉታል። እሱ ግን በዚያ ይኮራል። የሆነ ቤት ደውለውለት "ጋሽ መፍቻ፣ አይምጡ፣ ራሳችን ሠራነው" ያሉት ቀን፣ ሽልማት እንደተሸለመ ሰው ደረቱን ነፍቶ ይውላል።

አይ ጊዜ! ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ መዋል ሲጀምር የጋሽ መፍቻም ደስታ እያነሰ ሄደ። ባለሙያ በስልክ የሚጠራበት ነገር መጣ ሲሉት ልጁ እሱንም አስመዘገበው። ሠርተህ ስትጨርስ እንደ ሆቴል ኮከብ ይሰጡሃል ብሎ አስረዳው። ሰውዬው ሳቀ፤ አልጋ ሳይኖረኝ ብሎ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። አንድ ቀን አንዲት ወጣት ቤት ተጠራ። የማብሰያ ቤቷ ወለል ውኃ ሞልቶታል፣ እሷ እግሯን ሶፋ ላይ ሰቅላ ስልኳን ትነካካለች። ውኃው ከሚፈስበት ቦታ ሁለት ክንድ ሳይርቅ መዝጊያው ፊት ለፊት ተገትሯል። እንደ ልማዱ፣ ነይ እስቲ ልጄ፣ ይህችን አንዴ ላሳይሽ አላት። ልጅቷ ቀና እንኳ ሳትል "ጋሼ፣ መማር ብፈልግ ኖሮ እርስዎን አልጠራም ነበር" አለችው። ማታ ልጁ ስልኩን ከፍቶ ሲያነብለት አንድ ኮከብ ነው የሰጠችው። ሥራው ጥሩ ነው፣ ግን ብዙ ያወራል፣ ሰው ያዛል ብላ ጽፋለች።

ሌላ ቀን ደግሞ አንድ ጢሙን ያሳደገ ጎረምሳ፣ ሁለት ዲግሪ ግድግዳው ላይ የሰቀለ፣ የላላ ብሎን ወደየት ዞሮ እንደሚጠብቅ ስልኩን ሲጠይቅ አገኘው። ጋሽ መፍቻ የዚያን ቀን ቤቱ ገብቶ ሲራገም አመሸ። ይህ ትውልድ ጣት የተሰጠው መስታወት ለመዳበስ ነው፣ ቁልፍ መስፋት አያውቅ፣ ሚስማር መምታት አያውቅ፣ መብራት ቢጠፋ ሻማ በየት በኩል እንደሚለኮስ አያውቅ እያለ። ሚስቱ ትሰማዋለች። ትሰማዋለች፣ ምንም አትልም። ኮከቡ እያለቀ ሲሄድ የሚጠራውም ሰው እያነሰ ሄደ፤ በዚያ ላይ ቀኝ እጁን መንቀጥቀጥ ጀመረው፣ እሱም ሥራ አቆምኩ ሳይል ሥራው በራሱ ቆመ።

ቤቱን ራሱ ነው የሠራው። ግድግዳው ሳይለሰን በፊት ቧንቧውን አንድ በአንድ የዘረጋው በገዛ እጁ ነው፤ የትኛው በየት እንደሚያልፍ ወረቀት ላይ የለም፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው ያለው። ያን ቤት እንደ ዓይኑ ብሌን ያየዋል። ነገር የመጣው ሚስቱ ወድቃ ዳሌዋን ከተሰበረች ወዲህ ነው። በብረት ድጋፍ እየተንፏቀቀች እንጂ እንደ ልቧ መራመድ አቃታት፤ አልጋዋም ከማብሰያ ቤቱ ጀርባ ወዳለችው ትንሽ ክፍል ወረደ። ትልቋ ልጃቸው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። እናቷን ልውሰድ፣ ቤቱም ይሸጥ፣ ሁለት ሽማግሌዎች በዚህ አሮጌ ቤት ምን ታደርጋላችሁ ትላለች። እሱ ደግሞ ሬሳዬ ካልወጣ ይላል።

ይህን እየተባባሉ ሳለ እሱም ታመመ። ሽንት እንቢ አለው። ሐኪሙ መርምሮ መተላለፊያው ጠብቧል፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል ሲለው ጋሽ መፍቻ አልጋው ላይ እንደተጋደመ በሳቅ ፈነዳ። የሰውን ቧንቧ አርባ ዓመት ስከፍት ኖሬ የራሴ ተደፈነ በለኛ አለው። ሳቁን ከጨረሰ በኋላ ነው የደነገጠው። ዐሥር ቀን ሆስፒታል ይተኛል። ዐሥር ቀን ሙሉ እሱ በሌለበት ቤት ሚስቱ ትተኛለች፣ ከአልጋዋ ራስጌ ባለው ግድግዳ ውስጥ ደግሞ አርባ ዓመት የሞላው ቧንቧ አለ፣ መጋጠሚያው ጋ ማላብ ጀምሯል። እሱ ይሰማዋል። እጁ ደህና ቢሆን በግማሽ ቀን ይቀይረው ነበር። ሌላ ቧንቧ ሠሪ አምጣ ሲባል ደግሞ ፊቱ ይቀላል። በጋሽ መፍቻ ቤት ሌላ ሰው መፍቻ ሊያነሳ? ምን ሲባል!

በመጨረሻ ከትልቋ ልጁ ጋር ተስማሙ። ወንድሟ ዐሥሩን ቀን እዚያው እያደረ እናቱን ይጠብቃል። ሰውዬው ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ባለው እሑድ ቧንቧ ቢፈነዳ ውኃውን እንዴት እንደሚዘጋ ያሳየዋል። ከቻለ እናትየው ቤቷ ትቆያለች፣ ስለ ሽያጩም ሁለተኛ አይነሳም። ካልቻለ ግን እማዬን እወስዳለሁ አለች ልጅቷ፤ ቁርጥ አድርጋ ነው የተናገረችው። ሰውዬው ደስ አለው። አንድ መዝጊያ መዝጋት ነው እንግዲህ፣ የሰባት ዓመት ሕፃን ስንቱን ሲዘጋ አይቷል።

የቅርብ ጠበል ልጥ መንከሪያ ነው ይላሉ። ስለ ጋሽ መፍቻና ስለ ልጁም ሰፈሩ የሚያወራው ይህንኑ ነበር፤ የባዳ ልጅ የሚቀናበትን ሙያ የገዛ ልጁ ዞር ብሎ አያየውም እያለ። እውነቱን እንናገር ካልን ግን ልጁ ዞር ብሎ ያይ ነበር። ስምንት ዓመቱ ላይ ከሣጥኑ ውስጥ መፍቻ እያነሳ ይከተለው ነበር። አባትየው ነው "ስጠኝ ወዲያ! አንተ ደብተርህን ያዝ" የሚለው። የኔ እጅ የቆሸሸው ያንተ እንዳይቆሽሽ ነው ይለዋል። በሰው ቤት ሲሰበር የሚስቅ ሰውዬ፣ በራሱ ቤት አንዲት ብሎን ብትወድቅ ያፈጣል። ልጁም ደብተሩን ያዘ። ያዘና ገፋበት፤ ዛሬ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ የሚውል፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው ሆኗል። ክፉ ልጅ አይደለም። በሳምንት ሦስት ቀን እናቱን መጥቶ ያያል፣ መድኃኒቷን ያመጣል፣ ጸጉሯን ያበጥርላታል።

እሑድ ጠዋት መጣ። አባትየው ከነጋ ጀምሮ ተዘጋጅቶ ነው የጠበቀው። የማብሰያ ቤቱን መደርደሪያ ከነዕቃው ገፍቶ ከግድግዳው አላቆታል፣ ከበስተኋላው፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ የነሐሱ መዝጊያ ይታያል። ልጁ ተንበረከከና ስልኩን አወጣ። አባዬ፣ አንተ ተናገር፣ እኔ እቀርጸዋለሁ፣ ሲያስፈልገኝ ከፍቼ አየዋለሁ አለ። ጋሽ መፍቻ ደስ አላለውም፣ ግን ዋጠው። ጀመረ። ይህ መዝጊያ አሮጌ ነው፣ በጉልበት አይሆንም፣ ሩብ ዙር ወደፊት ትወስደዋለህ፣ ትንሽ ወደኋላ ትመልሰዋለህ፣ እንደገና ሩብ ዙር ወደፊት፣ እያባበልክ ነው፣ አንገቱን ካስጨነቅከው ይሰበራል። ከግድግዳው ማዶ ሚስቱ የከፈተችው ሬድዮ ይሰማ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ተቀነሰ።

ሰውዬው ሲያስረዳ ቀና ብሎ ልጁን አየው። ልጁ የሚያየው መዝጊያውን አይደለም፣ ስልኩ ውስጥ ያለውን መዝጊያ ነው። ሥዕሉ ጥርት ብሎ መውጣቱን፣ ብርሃኑ መብቃቱን ነው የሚያየው።

"ስልኩን አስቀምጥና በእጅህ ዝጋው" አለው።

"አባዬ፣ ተቀርጿል እኮ።"

"ውኃው ሲመጣ ስልክህን ነው የምትወትፍበት? ዝጋው አልኩህ።"

ልጁ ስልኩን አስቀመጠ። መፍቻውን ሲይዝ እጀታውን ከአንገቱ ሥር ነው የያዘው፤ ማንኪያ የሚይዝ ነው የሚመስለው። ብሰብረውስ ብሎ ጠየቀ። ሠላሳ ስድስት ዓመት የሞላው ወንድ፣ ስንት ሰው የሚያዝ ሰው፣ አባቱን ፈርቶ ጆሮው ቀልቷል። ጋሽ መፍቻ አይዞህ አለው፣ ቀስ በል አለው። ሩብ ዙር ሄደ። ወደኋላ መለሰ። እንደገና ሩብ ዙር ሄደና መዝጊያው ነክሶ አልዞርም አለ። ልጁ አባቱን ዞሮ አየና መፍቻውን በተቃራኒው ያዘ፣ ከዚያ አውልቆ እንደገና ገጠመው፣ አንሸራተተው፣ የነሐሱን ጠርዝ ጫረው። በሌላ ሰው ቤት ቢሆን ጋሽ መፍቻ ይህን ጊዜ ክንዱን ግድግዳው ላይ ደግፎ ቀልድ ይጀምር ነበር። ልጅ ይጫርና ይማር ይል ነበር። አሁን ግን ደሙ ፈላ። ቤቱ ነው፣ ነሐሱ የእሱ ነው፣ ልጁም የእሱ ነው። "ስጠኝ ወዲያ!" አለና መንጭቆ ወሰደበት።

ወሰደና ገጠመ። ቀኝ እጁ ተንቀጠቀጠ። መፍቻው ሳይገጥም ሲቀር ይበልጥ ተናደደ፣ በሁለት እጁ ጨበጠውና ሙሉ ክብደቱን ጣለበት። ሩብ ዙር የለ፣ ወደኋላ መመለስ የለ፣ ማባበል የለ። አሁን የተናገረውን ራሱ ረሳው። መዝጊያው አንገቱ ላይ ቀጭ ብሎ ተሰበረ፣ ውኃው ደረቱን መታው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገርም ያሳፍራል። ሰውዬው በመዳፉ ሊያፍነው ሲታገል ቆጣሪው ጋ ሂድ፣ ውጭ ቆጣሪው ጋ ሂድና ዝጋ ብሎ ጮኸ። ልጁ ሮጠ። በር ላይ የቆጣሪው የብረት ክዳን አለ፤ ሠላሳ ዓመት ረግጦት ወጥቷል፣ ረግጦት ገብቷል። አሁንም ላዩ ላይ ቆሞ ቆጣሪው የት ነው ብሎ እህቱ ጋ ይደውላል። ሰውዬው ሆዱን ይዞ እየተጎተተ ሲደርስ ነው "ከእግርህ ሥር!" ብሎ የጮኸበት። ክዳኑን በምን ይክፈቱት? መክፈቻው ዕቃ ቤት ነው፣ ልጁ ዕቃ ቤት ገብቶ ከአርባ ዓይነት ብረት መካከል የትኛው እንደሆነ አላወቀውም፤ አንዱን ይዞ ይመጣል፣ አይደለም፣ ይመለሳል። በመጨረሻ አባትየው ጠጠሩ ላይ ተደፋና በጥፍሩ ክዳኑን ይቧጥጥ ጀመር። የውኃ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች የመጡት ልጁ በስልክ ጠርቷቸው ነው፣ ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ። አንዱ ሠራተኛ ክዳኑን ከፈተ፣ እጁን ሰደደ፣ ዘጋ። አፉ ውስጥ የነበረውን ማስቲካ እንኳ አልተፋውም።

እናትየው አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነው ያገኟት፣ ውኃው ፍራሹን ከሥር ነክሮታል። አልጮኸችም ነበር። ልጁ አዝሎ አወጣት፤ ይህንንስ አሳምሮ ቻለበት። ትልቋ ልጅ መኪናዋን ይዛ ደረሰች፣ ማንንም አልተቆጣችም፣ የእናቷን ልብስ ሰበሰበችና ይዛት ሄደች። ጋሽ መፍቻ ማክሰኞ ሆስፒታል ገባ፣ ቀዶ ጥገናው ያለ ችግር አለቀ፣ በዐሥረኛው ቀን እሱንም ወደ ስድስተኛው ፎቅ ወሰዱት። ቤቱ ተቆልፏል።

እዚያ ፎቅ ላይ ለሚስቱ መስኮት ያለው ክፍል ሰጥተዋታል። ገላዋን የምትታጠብበት ውኃ ሙቅ ነው፤ ሲበላሽ ከታች የሚጠራ ሰው አለ። ጋሽ መፍቻ በሦስተኛው ቀን ምሳ ከተበላ በኋላ አልጋዋ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጥቂት ቀን ልበርታ እንጂ ቤታችን እንመለሳለን አላት። መዝጊያውን በአዲስ እቀይረዋለሁ፣ ግድግዳውም ሲደርቅ እለስነዋለሁ። ዋናው ነገር ብልሽቱ ከቤቱ አይደለም፣ ከልጁ ነው አለ። አንዲት መዝጊያ መዝጋት ያልቻለ ወንድ! አፍንጫው ሥር ያለውን ቆጣሪ የማያውቅ! ይህ ትውልድ አለቀለት፣ ስልኩን ብትቀማው ውኃ ጥሙን እንኳ የሚያውቅ አይመስለኝም እያለ ቀጠለ። እሷ ብርድ ልብሷን አስተካከለች። እንደ ድሮው ዝም ብላ የምትቀር መስሎት ነበር።

"ስንት ዓመት ነው እዚያ ቤት የኖርነው?" አለችው።

አርባ አንድ አላት።

"ውኃው የት ጋ እንደሚዘጋ ያወቅሁት የዚያን እሑድ ነው፤ በግድግዳው በኩል ለልጁ ስትነግረው ሰምቼ። ሬድዮውን ዝቅ አድርጌ ነው የሰማሁህ። በስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ።"

ሰውዬው ሊያቋርጣት አፉን ከፈተ። እሷ አላቆመችም። ልጆቹ ሕፃናት ሳሉ፣ እሱ ለሥራ ሌላ ከተማ በሄደ ጊዜ፣ የማብሰያ ቤቱ ቧንቧ ለቆ ሦስት ቀን ሙሉ ባልዲ ስትቀያይር እንደነበረ አስታወሰችው። አንዱን ልጅ አዝላ፣ አንዱን በእጇ ይዛ፣ ባልዲው ሲሞላ እየደፋች፣ እሱ የሚመጣበትን ሰዓት እየቆጠረች። በሦስተኛው ቀን መጣ፣ መደርደሪያውን ገፋ፣ በሁለት ደቂቃ ሠራው፣ ወለሉን አይቶ ሳቀ። መደርደሪያውን መልሶ ገጥሞ ራቱን በላ። ጋሽ መፍቻ አልረሳውም። እንዲያውም ለስንት ሰው እንደ ቀልድ ሲያወራው ኖሯል፤ በየሰዉ ቤት፣ የሰው ሚስት መዝጊያዋን እንድትዘጋ እያስተማረ፣ የኔዋ ብታዩ ሦስት ቀን ባልዲ ስታመላልስ ከረመች ብሎ አስቋቸዋል።

"ያኔ እግሬ ደህና ነበር" አለች። "አንዴ ብታሳየኝ እዘጋው ነበር። ልጄም እንደዚያው። አሁን የልጁን ስልክ ትራገማለህ። የኔ ስልክ አንተ ነበርክ፤ ያውም ሦስት ቀን ሙሉ የማይነሳ። አልመለስም እዚያ ቤት።"

ይህን ብላ ውኃ አቀብለኝ አለችው። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ሰጣት፣ ብርድ ልብሷ ላይ ትንሽ ፈሰሰበት። በመዳፉ ጠረገላት። በወሩ ቤቱ ሲሸጥ ትልቋ ልጁ ይከራከራል ብላ ፈርታ ነበር። አልተከራከረም፤ ፈርም ያሉት ቦታ ላይ ፈረመ።